ፍርድ ቤት የሚያዘው ፕሬዚዳንቱን ነው ወይስ ሹማምንቱን?

ዘሕግ (መነሻ ጽሑፍ)

የአሜሪካ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ አገደ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል፤ ፕሬዚዳንቱ አልቀበልም ቢሉ ማን ያስገድዳቸዋል? ፍርድ ቤቱ ጦር አያዝ፣ በጀት አይመድብ፤ ይህንንም ከአገሪቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ሐሚልተን ሕገ መንግሥቱ ይጽደቅ አይጽደቅ እየተባለ ሲከራከሩበት በነበረው በ1788 በግልጽ ጽፎታል። (ቀኖቹና ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ነገሩን በዳኛና በፕሬዚዳንት መካከል ያለ ፍጥጫ አድርጎ ስለሚያቀርበው ዋናውን አሠራር ይሸፍነዋል። እኔ እንደማየው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቱን የሚገታው በአብዛኛው እርሳቸውን በማዘዝ ሳይሆን ትእዛዛቸውን የሚፈጽመውን ሹም በማዘዝ ነው።

የመዝገቦቹን ስም ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ዊልያም ማርበሪ በ1803 ፍርድ ባገኘው ጉዳይ የከሰሰው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰንን ሳይሆን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ጄምስ ማዲሰንን ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ ፈርመውለት፣ ማኅተምም አርፎበት፣ ሳይደርሰው የቀረ የዳኝነት ሹመት ደብዳቤ ነበረው። ደብዳቤው እንዲደርስ ማድረግ የነበረባቸው የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ማርሻል ሲሆኑ፣ ጉዳዩን በዋና ዳኛነት ያዩትም እኚሁ ማርሻል ናቸው፤ ዛሬ ቢሆን ከችሎት መነሣታቸው አይቀርም ነበር። ፍርዱ ሹመቱ የማርበሪ መብት እንደሆነና ሕግ የጣለበትን ቁርጥ ያለ ግዴታ የማይፈጽም ሹም በፍርድ ቤት ሊታዘዝ እንደሚችል ከተናገረ በኋላ፣ ከሳሹ ጉዳዩን በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲያመጣ የፈቀደለት የ1789 ሕግ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ዋጋ የለውም አለ። ማርበሪ ባዶ እጁን ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የኮንግረስን ሕግ የመሻር ሥልጣን ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በ1804 የተፈረደው ጉዳይ እምብዛም አይወራለትም እንጂ ለተነሣሁበት ነጥብ ከማርበሪም ይበልጣል። አሜሪካና ፈረንሳይ በባሕር ላይ በሚተናኮሉበት ዘመን ኮንግረስ ወደ ፈረንሳይ ወደቦች የሚሄዱ መርከቦች እንዲያዙ ፈቀደ። ከፕሬዚዳንት አዳምስ ወገን ለባሕር ኃይሉ የወረደው መመሪያ ግን ከፈረንሳይ ወደቦች የሚመለሱትንም ጨመረ። የጦር መርከብ አዛዡ ጆርጅ ሊትል መመሪያውን ተከትሎ ከፈረንሳይ ወደብ የምትመለስ አንዲት የዴንማርክ መርከብ ያዘ። ማርሻል በፍርድ ሐተታቸው ውስጥ መጀመሪያ ልባቸው አዛዡን ከካሳ ነጻ ወደማድረግ አዘንብሎ እንደነበር ሳይደብቁ ጽፈዋል፤ በመጨረሻ ግን የፕሬዚዳንቱ መመሪያ ሕጉ ያልፈቀደውን ድርጊት ሕጋዊ ሊያደርገው አይችልም በማለት አዛዡን ካሳ አስከፈሉት። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለ ማንኛውም ሹም «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን እንደማያድነው ያውቃል ማለት ነው።

ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ለማዘዝ የተሞከረበት ጊዜም አለ። የሚሲሲፒ ግዛት በ1867 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን የመልሶ ግንባታ ሕጎቹን (ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በተሸነፉት የደቡብ ግዛቶች ላይ የወጡትን) እንዳያስፈጽሙ ይታገዱልኝ ብላ በስማቸው ስትከስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን በሥራቸው አፈጻጸም ላይ ለማገድ ሥልጣን የለኝም አለ። የሰጠው ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ቢሉ የምናስገድድበት መንገድ የለንም፣ እሺ ብለው ሕጉን ሳያስፈጽሙ ቢቀሩ ደግሞ ተወካዮች ምክር ቤት ሊከሳቸው ይችላል የሚል ነበር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ አንባቢ

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ሹሙን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1926 አንድ የፖስታ ቤት ኃላፊ ያለ ሴኔቱ ፈቃድ መሻሩን ሲያጸድቅ ይህን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ በሰፊው ሰጥቷል። ፍርድ ቤት ያዘዘውን የሚፈጽም ሹም በማግስቱ ከሥራው የሚባረር ከሆነ፣ እርስዎ የሚሉት መቆሚያ ከምን ላይ ነው የተተከለው?

የችሎት ሰው

ለዚህ ጥያቄ የጥቅምት 20 ቀን 1973ን ምሽት ማስታወስ ይጠቅማል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የዋተርጌትን ቅሌት ሲመረምር በቢሯቸው የተቀዱትን ካሴቶች በፍርድ ቤት የጠየቀውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስን አባርሩት ብለው አዘዙ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤልየት ሪቻርድሰን አልፈጽምም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክትላቸው ዊልያም ራክልሻውስም እንዲሁ እምቢ ብለው ሄዱ፤ ትእዛዙን የፈጸሙት በደረጃ ቀጥለው የነበሩት ሮበርት ቦርክ ናቸው። ስለዚህ የፒያሳ አንባቢ እንዳሉት ፕሬዚዳንቱ ፈጻሚ እስኪያገኙ ድረስ ሹም መቀያየር ይችላሉ።

ሆኖም ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። የሕዝቡ ቁጣ ስለበረታ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ሊየን ጃዎርስኪ፣ ነጻነቱን በሚያረጋግጥ ደንብ ተሾመ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የኒክሰን ጠበቆች ይህ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአለቃና በምንዝር መካከል ያለ አለመግባባት እንጂ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ክርክር አይደለም አሉ። ፍርድ ቤቱ የመለሰው መልስ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ደንቡን መሻር ይቻል ይሆናል፣ እስካልተሻረ ድረስ ግን ያወጣውን አካል ራሱን ያስረዋል አለ። ሐምሌ 24 ቀን 1974 የተሰጠው ፍርድ 8 ለ 0 ነበር። ሐተታውን የጻፉት ዋና ዳኛ ዋረን በርገር በኒክሰን የተሾሙ ሲሆኑ፣ ከስምንቱ መካከል ሌሎች ሁለት ዳኞችም የኒክሰን ሹሞች ነበሩ። ዳኛ ሬንክዊስት ቀደም ሲል በኒክሰን ፍትሕ ሚኒስቴር ስለሠሩ ከችሎት ተነሥተዋል። ካሴቶቹ ወጡ፤ ነሐሴ 9 ቀን ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ።

ለዘሕግም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህ መዝገብ ላይ የታዘዙት ሚኒስትር አልነበሩም፤ ካሴቱን አምጡ የተባሉት ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ናቸው። ማስረጃ የማቅረብ ትእዛዝ ከማርሻል ዘመን፣ ማለትም ከ1807ቱ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት የአሮን በር የክሕደት ክስ ጀምሮ ለፕሬዚዳንት ሲላክ ኖሯል፤ ስለዚህ ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጋር መታረቅ አለበት።

ዘሕግ

ማሳሰቢያውን እቀበላለሁ፤ ማስረጃ አቅርብ ማለትና ሥልጣንህን እንዲህ አድርገህ ሥራበት ማለት ለየብቻ መታየት አለባቸው። እኔ ያነሣሁት ሁለተኛውን ነው። ለእርሱ ደግሞ ከ1952ቱ የብረት ፋብሪካዎች ጉዳይ የተሻለ ማሳያ አላውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ነው፤ የብረት ሠራተኞቹ ማኅበር ሥራ ሊያቆም ቀን ቆርጧል። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሚያዝያ 8 ቀን ማታ የንግድ ሚኒስትራቸው ቻርልስ ሶየር ፋብሪካዎቹን ተረክበው እንዲያሠሩ አዘዙ። ኮንግረስ በ1947 ባወጣው የሠራተኛ ሕግ ላይ አድማን ለ80 ቀናት በፍርድ ቤት የማሳገድ መንገድ ነበር፤ ትሩማን ግን ያ ሕግ ሲወጣ ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ተቃውመውት፣ ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላጸደቀው ሊጠቀሙበት አልፈለጉም። ባለቤቶቹ ሶየርን ከሰሱ። በመጀመሪያ ደረጃው ችሎት ዳኛ ዴቪድ ፓይን የመንግሥቱን ጠበቃ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ገደብ አለውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጠበቃው ገደቡ የምርጫ ኮሮጆና ተከስሶ ከሥልጣን መነሣት ብቻ ነው ብለው መለሱ። ይህ መልስ በማግስቱ ጋዜጦችን ሞላ፤ ዋይት ሐውስም ከአባባሉ ራሱን ለማራቅ ተገደደ። በእኔ ግምት መንግሥት ጉዳዩን በሕዝብ ዘንድ የተሸነፈው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ በዚያች አንዲት መልስ ነው።

ሰኔ 2 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደ። ዳኛ ሂዩጎ ብላክ የጻፉት የአብላጫው ሐተታ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ አስፈጻሚ እንጂ ሕግ አውጪ አይደሉም። ዛሬ ዳኞችም ጠበቆችም ደጋግመው የሚጠቅሱት ግን ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በተናጠል የጻፉትን ነው። እርሳቸው የሩዝቬልት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበሩበት ጊዜ ለፕሬዚዳንት ሥልጣን ይሟገቱ የነበሩ ሰው ናቸው። የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ኮንግረስ በፈቀደበት ከፍተኛ፣ ኮንግረስ ዝም ባለበት አጠራጣሪ፣ ኮንግረስ በከለከለበት ደግሞ ዝቅተኛ እንደሚሆን አስረዱ። በ1947 ኮንግረስ ፋብሪካ የመውረስን ሥልጣን ለመስጠት ተጠይቆ ስላልፈቀደ፣ የትሩማን እርምጃ ከመጨረሻው ላይ ወደቀ። ከትሩማን ሹሞች ሁለቱ፣ በርተንና ክላርክ፣ በሾሟቸው ፕሬዚዳንት ላይ ፈረዱ፤ ዋና ዳኛ ቪንሰንና ሚንተን ደግሞ በልዩነት ከእርሳቸው ጋር ቆሙ።

ትሩማን ፍርዱን በምሬት ተቀበሉት፤ ግን ሶየር ፋብሪካዎቹን እንዲመልሱ ያዘዙት ሳይውሉ ሳያድሩ ነው። አድማውም ተጀመረና ከ50 ቀናት በላይ ቆየ። ዳኛ ብላክ በኋላ በአሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቤታቸው ትሩማንንና ዳኞቹን እራት ጋብዘው ለማስታረቅ እንደሞከሩ ይነገራል፤ ከዚያ የዳኝነት ሐተታ ይልቅ ይህን እራት የሚያስታውሱ ሰዎች ሳይበዙ አይቀሩም።

ሰሎሜ ከሲያትል

እስካሁን የተነገረው የፋብሪካና የካሴት ታሪክ ነው። የእኛን ሰው በቀጥታ የነካውን ልጨምር። በሚያዝያ 2020 ወረርሽኙን ምክንያት በማድረግ የወጣው ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ከዲቪ ዕድለኞች ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዘመ። የዲቪ ዕድል እንደሚታወቀው የበጀት ዓመቱ መስከረም 30 ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ መጠበቅ ማለት ዕድሉ ጠፋ ማለት ነው። ከዕድለኞቹ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ቤት ሸጠው፣ ሥራ ለቀው፣ የሕክምና ምርመራ ከፍለው የተቀመጡ ሰዎች።

ክሱ በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አሚት ሜታ ዘንድ ታየ። ዳኛው መስከረም 4 ቀን ያሉት፣ የዘሕግን ነጥብ በደንብ የሚያሳይ ይመስለኛል። አዋጁን አልሻሩም። አዋጁ የሚከለክለው ወደ አገር መግባትን እንጂ ቪዛ መስጠትን አይደለምና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ቆንስላዎቹ ማመልከቻዎቹን መመልከት ያቆሙበት ሕጋዊ መሠረት የለም፣ በቅን ልቡና በፍጥነት ይሥሩ ብለው አዘዙ። ትእዛዙ የተጻፈው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ደግሞ 9,095 ቪዛዎች ለኋላ እንዲቀመጡ አዘዙ።

መጨረሻው ግን አያስደስትም። በ2024 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የበጀት ዓመቱን ገደብ ያስቀመጠው ኮንግረስ ስለሆነ ፍርድ ቤት ከገደቡ በኋላ ቪዛ ስጡ ብሎ ማዘዝ አይችልም በማለት ትእዛዙን ሻረው። ለዓመታት የጠበቁ ሰዎች እንደገና ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የፒያሳ አንባቢ

እህት ሰሎሜ፣ ይህ ጉዳይ ከታሪክ መጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ገብቶኛል። ዳኛው አስፈጻሚውን የያዙት በኮንግረስ ሕግ ነው፤ እርሳቸውንም የገታቸው ያው የኮንግረስ ሕግ ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ የፍርድ ቤትና የፕሬዚዳንት ጉዳይ እያልን የምናወራው ከጀርባው ሁልጊዜ ሦስተኛ ወገን አለው።

ጠያቂው

በእኛ አገር እኮ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም። ታዲያ አሜሪካኖቹ ይህን ሥልጣን ለዳኞች ሲሰጡ ሕገ መንግሥታቸው ላይ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የጻፉት?

የችሎት ሰው

የትም ላይ አልተጻፈም። ሦስተኛው አንቀጽ የዳኝነት ሥልጣን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ኮንግረስ በሚያቋቁማቸው የበታች ፍርድ ቤቶች እንደሆነ፣ ዳኞች በመልካም ጠባይ እስካሉ ድረስ በሥራቸው እንደሚቆዩና ደመወዛቸው እንደማይቀነስ ይናገራል እንጂ፣ ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር አመሳክረው ይሽሩ የሚል ቃል የለበትም። ማርሻል በ1803 ከሕገ መንግሥቱ የበላይነት ተነሥተው ደመደሙት። የዳኞቹ ቁጥር እንኳ በሕገ መንግሥቱ አልተወሰነም፤ በስድስት ተጀምሮ ዘጠኝ ላይ የጸናው ከ1869 ወዲህ በኮንግረስ ሕግ ነው። ሩዝቬልት በ1937 ቁጥሩን እስከ 15 ሊያደርሱት ሞክረው የገዛ ፓርቲያቸው በብዛት የያዘው ሴኔት የከለከላቸውም ለዚሁ ነው።

ከእኛ ጋር ካነጻጸርን ግን ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት እንደማይካሄድ ሲታወቅ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተከራካሪ ወገን ሳይኖር የሕገ መንግሥት ትርጉም ጠየቀ፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን አዳምጦ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረበ። በአሜሪካ ይህን የመሰለ ጥያቄ ፍርድ ቤት በር ላይ ይመለሳል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1793 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦርነት ገለልተኛ ስለመሆን 29 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ዳኞቹን ምክር ሲጠይቁ፣ ዋና ዳኛ ጆን ጄይና ባልደረቦቻቸው በአክብሮት አይሆንም አሉ፤ እኛ ክርክር እንፈርዳለን እንጂ ለፕሬዚዳንት አማካሪ አይደለንም ነው ነገሩ። ፕሬዚዳንት ሆነህ ትእዛዝህ ሕጋዊ መሆኑን አስቀድመህ ከዳኛ ማረጋገጥ አትችልም፤ የተጎዳ ሰው እስኪከስ ትጠብቃለህ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ሊንከን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈጸሙም ይባላል። አንድሩ ጃክሰንም «ማርሻል ፈረደ፣ እንግዲህ ራሱ ያስፈጽመው» ብለዋል ይባላል። ይህስ ከላይ የተባለውን አያፈርሰውም?

ዘሕግ

የጃክሰንን እንተወው፤ ያን ቃል ስለመናገራቸው ማስረጃ የለም፣ ቃሉ ተነገረበት የሚባለው የ1832ቱ ፍርድም የተሰጠው በጆርጂያ ግዛት ላይ እንጂ በፕሬዚዳንቱ ላይ አልነበረም። የሊንከን ግን እውነት ነው፤ ከባድም ነው።

በግንቦት 1861፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊጧጧፍ ሲል፣ ጆን ሜሪማን የተባለ የሜሪላንድ ሰው በወታደሮች ተይዞ ባልቲሞር በሚገኘው ማክሄንሪ ምሽግ ታሰረ። ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ ለምሽጉ አዛዥ ለጄኔራል ጆርጅ ካድዋላደር እስረኛውን ችሎት አቅርብ ብለው ጻፉ። ጄኔራሉ ፕሬዚዳንቱ የአካል ነጻነት አቤቱታን (የታሰረ ሰው ችሎት ቀርቦ እስሩ ሕጋዊ መሆኑ እንዲጣራ የሚጠይቅበትን መብት) የማገድ ሥልጣን ሰጥተውኛል ብሎ እስረኛውን ሳያቀርብ ቀረ። ቶኒ ችሎት በመድፈር ይያዝ ብለው ማርሻል የሚባለውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ መኮንን ላኩበት፤ ማርሻሉ ከምሽጉ በር ሳያልፍ ተመለሰ። ዳኛው የቀራቸው ሐተታቸውን ጽፈው ለሊንከን መላክ ብቻ ነበር። ሊንከን ሐምሌ 4 ቀን ለኮንግረስ ባቀረቡት መልእክት አንድ ሕግ እንዳይጣስ ተብሎ ሌሎቹ ሁሉ ሳይፈጸሙ መንግሥቱ ይፍረስን የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ኮንግረስም በ1863 እገዳውን በሕግ ፈቀደ።

ይህ ጉዳይ ያልኩትን የሚያፈርስ ሳይሆን ወሰኑን የሚያሳይ ነው። ከበሩ ላይ የቆመው ሹም ከፕሬዚዳንቱ ጋር ከወገነ፣ ኮንግረስም ወይ ዝም ካለ ወይ ከደገፈ፣ የዳኛው ወረቀት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በ1957 በሊትል ሮክ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዘጠኙ ጥቁር ተማሪዎች በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ የአርካንሳስ ገዥ ሲያግዳቸው፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የ101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ልከው ፍርዱን አስፈጸሙ። ፍርድ ቤት ጦር የሚያገኘው ፕሬዚዳንቱ ሲያውሱት ነው።

የፒያሳ አንባቢ

ስለ ቅርቡስ ለምን አይነሣም? በሐምሌ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፕሬዚዳንት በዋና ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣናቸው ለሠሩት ሥራ በወንጀል ፈጽሞ አይከሰሱም፣ ለሌላውም ይፋዊ ሥራቸው ቢያንስ ያለመከሰስ ግምት አላቸው አለ። በሰኔ 2025 ደግሞ የበታች ዳኞች አንድን ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ለመላው አገር የማገድ ልማዳቸውን በሌላ የ6 ለ 3 ውሳኔ ገደበ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ፍርድ ቤቱ የራሱን እጅ ያሰረ ይመስለኛል።

የችሎት ሰው

የመጀመሪያው ሥጋት አለበት፤ ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው አጥብቀው የተቃወሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ውሳኔው የሚከልለው ፕሬዚዳንቱን እንጂ ትእዛዙን የሚፈጽመውን ሹም አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከይቅርታ ሥልጣን ጋር ሲጣመር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ አይከሰሱም፣ ሹሙ ቢከሰስ ይቅርታ ያደርጉለታል።

ሁለተኛው ግን የሚባለውን ያህል በር አልዘጋም። ውሳኔው እገዳው ለከሳሾቹ በሚበቃ መጠን ይሁን አለ እንጂ የቡድን ክስን አልነካም። ስለዚህ ለዚህ ውሳኔ መነሻ በሆነው፣ በአሜሪካ ምድር የሚወለዱ ልጆችን ዜግነት በሚመለከተው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ላይ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2025 የኒው ሃምፕሻየር ዳኛ ልጆቹን እንደ አንድ ቡድን ቆጥረው አገዱት። በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ሆነው ልጅ ለሚጠብቁ ወገኖቻችን የጠቀማቸው ይህ መንገድ ነው።

ሰሎሜ ከሲያትል

ሹሙ እምቢ ካለስ? ማርሻሎቹ ራሳቸው የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው፤ ፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ነው።

የችሎት ሰው

አዎን፣ የሥርዓቱ ደካማ ጎን እርሱ ነው። ችሎት በመድፈር የሚሰጥ ቅጣት ሁለት መልክ አለው። ላለፈው ጥፋት የሚሰጠውን የወንጀል ቅጣት ፕሬዚዳንቱ በይቅርታ ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 ይህን አጽድቋል፣ በ2017ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰው ጥፋተኛ ለተባሉት በአሪዞና ሸሪፍ (የአውራጃ ፖሊስ አዛዥ) ለነበሩት ለጆ አርፓዮ ይቅርታ አድርገዋል። ትእዛዙ እስኪፈጸም ድረስ በየቀኑ የሚቆጠረው የፍትሐ ብሔር መቀጮ ግን ቅጣት ሳይሆን ማስገደጃ ስለሆነ በይቅርታ አይነሣም የሚለው ሐሳብ በዚያው በ1925ቱ ሐተታ ውስጥ አለ። ማርሻሎቹን በሚመለከት ደግሞ የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በማርሻል፣ በምክትሉ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሾመ ሌላ ሰው ሊደርስ ይችላል ይላል፤ በአንድ ሚኒስትር ላይ እስከዚያ የሄደ ዳኛ ግን እስካሁን አላየሁም።